ተለጠፈ ማለት ተነገረ ማለት አይደለም

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፤ የዕድር ዳኞች፣ የሰንበቴ ሙሴዎች፣ ካህናት፣ ሼሆች፣ ሰው ሲጣላ የምታስታርቁ እናቶችና አባቶች፤ ይህን የምናገረው ለልጆቻችን አይደለም። ለእናንተና ለራሴ ነው። በየስብሰባው ከፊት ወንበር የምንቀመጠው፣ መርቀን የምንከፍተው፣ መርቀን የምንዘጋው እኛ ነን። በዚያ ምርቃት ውስጥ ግን ያልሰማነው፣ ያላነበብነው፣ ያልመከርንበት ነገር አብሮ ተጠቅልሎ እየወጣ ነው። ጆሯችሁን ስጡኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ የአንዲት ከተማ ዳርቻ ሊሰፋ ታስቦ «ሕዝብ ይወያይበት» ተብሎ ተጠራን። ሽማግሌ ነህና ና አሉኝ፤ ሄድኩ። ከአዳራሹ በር ላይ አንዲት ልጅ መዝገብ ይዛ ቆማለች፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ። ፈረምኩ። ባለሙያው ግድግዳው ላይ በመብራት የሚታይ ጽሑፍ እያሳለፈ ፈጠን ፈጠን ብሎ ተናገረ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ዓይኔ አልደረሰበትም። «አልታየኝም፣ ድገመው» ማለት አፈርኩና ዝም አልኩ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ተባለ፤ ሁለት ሰዎች ስለ ውኃና ስለ መብራት ጠየቁ። ከዚያ አበል ተከፈለ፣ እኔም ተነሥቼ መረቅሁ፤ ወደየቤታችን ገባን።

ዓመት ሳይሞላ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ደጄ ላይ ቆመች። «አባባ፣ እርስዎም ነበሩበት አሉኝ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ማሳዋ ሊሰፋ ከታሰበው ቦታ ውስጥ ገብቷል። በእጇ የያዘችው ወረቀት ከኅብረተሰቡ ጋር ውይይት ተደርጎ ስምምነት ላይ መደረሱን ይናገራል፤ ማስረጃ ተብሎ ከኋላው የተያያዘው ደግሞ ያ የበሩ መዝገብ ነው። የእኔም ስም አለበት። ለመገኘቴ የፈረምኩት ለመስማማቴ የፈረምኩት ሆኖ ተቀምጧል።

የባሰው ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። የእኅቴ ልጅ ከእኔው ቤት ይኖራል፤ ነገሩን ስነግረው አንገቱን ደፋ። «አጎቴ፣ ያ ሰነድ እኮ ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀድሞ በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ተለጥፎ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ።» ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «ወደ ስብሰባው የተጠሩት እርስዎ ስለሆኑ የሚያውቁት መስሎኝ ነው።» እሱ እኔ አውቃለሁ ብሎ ዝም አለ፤ እኔ ደግሞ የሚያስፈልግ ነገር ከመጣ ልጆቹ ይነግሩኛል ብዬ ተቀመጥኩ። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ መሶብ በምንበላ በሁለት ሰዎች መካከል የዚያች ሴት ማሳ ጠፋ።

ልጁን በዚያው ሌሊት አስቀምጬ አስነበብኩት። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ በ2011 የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1161 ነው። የሚነሡት ባለይዞታዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ስለ ጥቅሙና ስለ አጠቃላይ ሂደቱ እንዲወያዩ ማድረግ አለበት ይላል የከተማውን ወይም የወረዳውን አስተዳደር። ባለይዞታዎቹን ነው የሚለው። ሽማግሌ ተጠርቶ ይመርቅ አይልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህ ሁሉ ከልጁ ኪስ ውስጥ ነበር። በዚያ አዳራሽ «ባለቤቶቹ የታሉ? ዓመቱስ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?» ብዬ ሁለት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ቢያንስ መዝገቡ ብቻውን ማስረጃ ሆኖ አይሄድም ነበር። አልጠየቅሁም፤ አላውቅማ።

እንግዲህ ስልክ ክፉ ነው እያልኳችሁ እንዳይመስላችሁ። ያን አዋጅ በወረቀት ፈልጌ ለማግኘት ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መውረድ ነበረብኝ፤ በስልክ ግን ከምድጃው ዳር ሆኜ ሰማሁት። የምፈራው ሌላ ነው። መንግሥት ሕዝብን ከማማከሩ በፊት «አሳውቄአለሁ» ማለት አለበት። ዛሬ አሳውቄአለሁ ለማለት የሚቀለው መንገድ መለጠፍ ነው። አንድ ልጅ በአንድ ጠቅታ ይለጥፈዋል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በወረዳችን በደራ አንበሳሜም፣ ሐሙሲትም፣ አርብ ገበያም እንደሰሙ ይቆጠራሉ። ከ2012 ጀምሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ የሚያዝ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1183/2012። ጥሩ ሕግ ነው፤ አባቶቻችን ያላገኙት መብት ነው። ነገር ግን ማሳወቂያው ድረ ገጽ ላይ ከዋለ፣ ድረ ገጽ የማይከፍተው ሰው ተነግሮት ዝም እንዳለ ሰው ነው የሚታየው። ዝምታውም እሺታ ይሆናል።

በ1999ኙ ቆጠራ የደራ ወረዳ ሕዝብ ወደ 248 ሺህ ነበር፤ ከመቶው 93 የሚሆነው የገጠር ነዋሪ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እንደሚበልጥ ሁላችንም እናውቃለን። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ስንት ነው? ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ የሚወጣውስ? እናንተው በየቀበሌያችሁ ቁጠሩት።

አባቶቻችን ይህን ነገር አስበውበት ነበር። አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ፣ ያውም በገበያ ቀን ነው። አገራችን የቀኑን ስም ይዞ የቀረው በከንቱ አይደለም፤ ሐሙሲት የሐሙስ ናት፣ አርብ ገበያም የዓርብ። ሰው ከደጋውም ከቆላውም ባንድ ቀን የሚገናኝበት ቦታ ነዋ። አዋጅ ነጋሪው «ስማ፣ ስማ» ብሎ ቃሉን ሲጨርስ አንድ ነገር ያክልበታል፤ «ላልሰማ አሰማ» ይላል። ይህች ቃል ዕዳ ናት። የሰማ ሰው በዚያች ቀን ዕዳ ተሸክሞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው፤ ያላሰማ እንደሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ሲጀመር ስሙን የወሰደው ከዚያ ከበሮ ነው። ከበሮው በወረቀት ተተካ፣ ወረቀቱም አሁን በስልክ ተተካ፤ «ላልሰማ አሰማ» የምትለዋ ግን በመንገድ ላይ ወደቀች። ማን ያንሣት? ቴሌግራም አያነሣትም።

ሳይነገር የቀረ ሕግ ምን እንደሚያመጣ ከመካከላችን ያዩ አሉ። በ1960 እኛ ገና ልጆች ሳለን የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዋጅ ወጣ። አሥራቱን አስቀርቶ ግብሩን በምርቱ ልክ ለማድረግ የታሰበ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ካየነው ለድሀው ሊያቀልለት ይችል ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ነገር ግን ከዓባይ ማዶ ጎጃም ለሚገኙ ዘመዶቻችን ማን ቁጭ ብሎ አስረዳቸው? ገማቾቹ ብቻ መጡ። ገማች ሲመጣ ሰው ያየው ግብሩን አይደለም፤ ቀላዱን ነው። ርስታችን ሊለካ ነው፣ የተለካ ርስት ደግሞ ነገ ይወሰዳል አለ። ከዚያ ቀደም የነበረው ምሬት ተጨምሮበት አገሩ ሸፈተ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ወርደው ሕዝቡን ያነጋገሩት። ንግግሩ ከአውሮፕላኑ ቢቀድምስ? እኔ ይህን ጥያቄ ለ50 ዓመት ስጠይቀው ኖሬአለሁ፤ የአጎቴ ልጆች ከዚያ ማዶ ነበሩ።

ደግሞ በ1978 ክረምት የደርግ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በየቀበሌው ለውይይት እንደወረደ ታስታውሳላችሁ። ወረቀቱ መጥቷል፣ ተነቧል፣ ይህን አልክድም። አንባቢውም ጠያቂውም መላሹም ግን ካድሬው ነበር። ጥር 24 ቀን 1979 ድምፅ ሰጠን። አራት ዓመት ከመንፈቅ አልቆየም። ለይስሙላ የተነበበ ነገር ካልተነበበው ብዙ አይሻልም፤ በዚህ ላይ መቆየት አልፈልግም።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። ጥር 2015 የፍትሕ ሚኒስቴር ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ስለ ሽግግር ፍትሕ የፖሊሲ አማራጮችን የያዘ ሰነድ አወጡ። ሰነዱ በኢንተርኔት ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት በየክልሉ የምክክር መድረኮች ተካሄዱ። የሰነዱን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ባለፉት ዘመናት የተፈጸመ በደል እንዴት ይጣራ? ማን ይከሰስ? ማንስ ይቅር ይባል? የተበደለው እንዴት ይካስ? የአገር ባህል ዕርቅ ምን ቦታ ይኑረው? እስኪ ንገሩኝ፣ ይህ የማን ሙያ ነው? ደም ሲፈስ ገዳይንና የሟችን ወገን ለያይቶ የሚያቆም፣ ጉማ የሚያስከፍል፣ በመስቀልና በመጽሐፍ የሚያስታርቅ ማን ነው? እኛ አይደለንም? በአገሪቱ ከሚጻፉ ሰነዶች ሁሉ ከእኛ ሙያ ጋር በጣም የሚቀርበው ያ ነበር። ከእናንተ መካከል ከመድረኩ በፊት ያነበበው ወይም ሲነበብ የሰማው ስንት ነው? እኔ አልሰማሁም። ስለ ሰነዱ መኖር ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያማ የባሰው መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልላችን ኢንተርኔቱ ተዘጋ። በብዙ ቦታ ለአንድ ዓመት ያህል በስልክ ኢንተርኔት አልነበረም። ፖሊሲው በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው ሚያዝያ 2016 ነው፤ እኛ በጨለማ ሳለን ማለት ነው። ስለ በደልና ስለ ዕርቅ የሚወስን ወረቀት፣ በደል እየወረደባት ላለች አገር፣ በማይከፈት ስልክ። እናንተ ሆይ፣ መንገዱን አንድ ብቻ ያደረገ ሰው ያ መንገድ ሲዘጋ የት ይሄዳል? ልጆቹ እንኳ ያን ጊዜ እንደ እኛው ነበሩ።

የአገራዊ ምክክሩም እንዲሁ ነው። ኮሚሽኑ በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ተቋቋመ፤ በፕሮፌሰር መስፍን አርአያ የሚመሩ 11 ኮሚሽነሮች የካቲት 2014 ተሾሙ፤ የተሰጣቸው 3 ዓመት ሲያልቅ የካቲት 2017 አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። የክልላችን አጀንዳ የሚሰበሰብበት ጉባኤ በ2017 ባሕር ዳር ላይ ሲደረግ ከየወረዳው በየኅብረተሰብ ክፍሉ የተመረጡ ሰዎች ሄደዋል፤ ገበሬ፣ ሴት፣ ወጣት፣ መምህር፣ የአገር ሽማግሌ። ጦርነት ባለበት አገር መነጋገር ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው እዚህ መካከል ያለነው እንኳ አንድ አይደለንም፤ በዚያ ላይ አልፈርድም። የምለው ሌላ ነው። ሂዱ ተብሎ የተላከ ሰው ከመሄዱ በፊት በየሰንበቴው ዞሮ «ምን ልበልላችሁ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ከተመለሰም በኋላ «ይህን ብያለሁ» ብሎ ካልነገረ፣ የተወከለው ማን ነው? የጉባኤው ፎቶ በፌስቡክ ወጣ፤ ዜናው በቴሌቪዥን ተነገረ። እሱ ስለ መሰብሰቡ ነው እንጂ ስለ ነገሩ አይደለም።

ስለ ፎቶውም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ይህን በደንብ ስሙኝ። ዛሬ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሳይጠየቅ ተነሥቶ በዚያው ሰዓት ለዓለም ይለቀቃል። ሰላም ባለበት አገር ይህ ምንም አይደለም። እኛ ዘንድ ግን አንዱ «ለምን ሄድክ?» ይላል፣ ሌላው «ለምን ቀረህ?» ይላል፤ ሁለቱም የጦር መሣሪያ አላቸው። አንድ ገበሬ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ሊጠይቅ ገብቶ በፎቶ ምክንያት ሌሊት በሩ ሊንኳኳበት ይችላል። ስለዚህ መድረኩን የምንመራው እኛ ከሆንን ከመክፈቻው ምርቃት በፊት ይህን እንበል፤ ማንም ሳይፈቅድ ፊቱ አይነሣም፣ ድምፁም አይቀዳም። የሚቆጣን ባለሥልጣን ካለ ይቆጣን፤ እኛን ነው የሚቆጣው፣ ልጆቹን አይደለም። ያ ነጭ ፀጉራችን ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ባዶውን ቦታ ደግሞ ወሬ ይሞላዋል። በድምፅ የሚላክ መልእክት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ማን እንደተናገረው አይታወቅ፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅ፣ ሲያቃስት ግን እንደ ዘመድ ነው። «የተመዘገበ መሬቱ ይለካል»፣ «የፈረመ ልጁ ለዘመቻ ይወሰዳል» ይላል። በ1960 ቀላድ መጣ የተባለው ወሬ ከዓባይ ማዶ እስከዚህ ለመድረስ ሳምንታት ፈጅቶበታል፤ ዛሬ ቡና ሳይፈላ ይደርሳል። ሐሰተኛ መረጃ አሰራጭቶ የተገኘ እንደሚቀጣ በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ይናገራል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ቅጣት ግን ወሬውን አይመልሰውም። ወሬን የሚያቆመው ሰው እውነቱን ቀድሞ መስማቱ ብቻ ነው፤ ያውም ከሚያምነው ሰው አፍ። ከእኛ አፍ ማለቴ ነው። እኛ ራሳችን ሳናጣራ «እንዲህ ተባለ አሉ» ካልን ግን ከዚያ ድምፅ በምን እንለያለን? ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከስልክ የሰማውን ወሬ በዕድር ላይ ተነሥቶ ተናገረ። ሰው ያመነው ወሬውን ሳይሆን እሱን ነው።

ከጎረቤት አገር አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ቤታችን ልመለስ። በ2016 ኬንያ ውስጥ የፋይናንስ ሕግ ረቂቅ ለፓርላማ ቀረበ፤ ግብር የሚጨምር ነበር። ወጣቶቹ ረቂቁን ወደየቋንቋቸው እየመለሱ፣ እንዲህ የሚለው እንዲህ ማለት ነው እያሉ በቲክቶክና በኤክስ ለሕዝቡ አስረዱት። ማስረዳቱ ድንቅ ሥራ ነው፤ የባለሙያ ቋንቋ የገበያ ቋንቋ ሆነ። ሕዝቡም አወቀ። ካወቀ በኋላ ግን የሚሰማው አላገኘም፤ ሰኔ 18 ሰልፈኛው ፓርላማው ድረስ ገባ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ብዙ ልጆች ሞቱ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። ያ ቃል አንድ ቀን ዘገየ። በልጆቹና በመንግሥቱ መካከል ገብቶ «እስኪ ቆዩ፣ እናንተም ስሙ» የሚል የዕድሜ ባለጸጋ ባይኖር ወይም ቢኖርም ባይሰማ፣ ዕውቀት ብቻውን እሳት ይሆናል። የእኛም ልጆች እያነበቡ ነው። ያለ እኛ እያነበቡ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። ማንበብ ለማይችል ሰው መሣሪያው ራሱ ሊያገለግለው እንደሚችል አይተናል። በ2006 በተጀመረው በ8028 ነፃ መስመር ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ገበሬ ደውሎ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በአማርኛ ይሰማል፤ ሚሊዮኖች ደውለዋል። ጤፍ እንዴት እንደሚዘራ በስልክ መንገር ከተቻለ፣ በመሬቱ ላይ ሊወጣ የታሰበው ሕግ ምን እንደሚል መንገር የማይቻለው ለምንድን ነው? ይህን በየመድረኩ ልንጠይቅ ይገባል፤ «ለጥፈናል» ሲሉን «በድምፅስ?» እንበላቸው፤ «በሬዲዮስ? በበኩር ጋዜጣስ? በገበያ ቀንስ?» ጊዜም እንጠይቅ። ዛሬ ተጠርቶ ነገ የሚደረግ ውይይት ውይይት አይደለም፤ «ሰነዱ ሳይደርሰን አንመጣም» ማለት ነውር የለበትም። ይህ አመጽ አይደለም፤ ሕጉ የሰጠን ነው።

የቀረው የቤታችን ሥራ ነው። በየቤታችን ስልክ የያዘች ወይም የያዘ ልጅ አለ። ያንን ልጅ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ እንዲህ ካላችሁት የኳሱን ይነግራችኋል። የወረዳውን፣ የዞኑን፣ የክልሉን ገጽ በየሳምንቱ እንዲያይ፣ ለአስተያየት የቀረበ ረቂቅ ካለ ቀኑን ጭምር እንዲነግራችሁ አደራ በሉት። ሲያነብም ሙሉውን ያንብብ። «ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው» ካለ አስቁሙት፤ ማሳ የሚወሰደው በአጭሩ ውስጥ ሳይሆን በተዘለለው መስመር ውስጥ ነው። በስልኩ ድምፁን ይቅዳውና በሜሞሪ ይስጥ፤ ኢንተርኔቱ ቢዘጋ እንኳ ሜሞሪ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በዚያ በተዘጋው ዓመት የሰርግ ዘፈን ሲያዞሩ የነበሩት ልጆች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ሴቶቹን ደግሞ አትርሱ። እኛ ስብሰባ ስንባል ወንዶች እንወጣለን፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያዘለች፣ ገበያ የዋለች ትቀራለች። በመሬት መዝገቡ ላይ ግን ስሟ አለ፤ ፎቶዋም አለ። እቤት እየዞረ የሚነግር ሰው ከመካከላችሁ መድቡ፤ ጠበል ጠዲቅ ላይ፣ ቡና ላይ ይነገር። ያቺ ሴት ደጄ ላይ ስትቆም የተናገረችውን እኔ እስክሞት አልረሳውም፤ እናንተ ደጅ ላይ እንዳትቆም ነው የምለፋው።

እናም መዝገቡ። በበሩ ላይ ፊርማ ሲጠይቋችሁ ከስማችሁ አጠገብ «ተገኝቻለሁ» ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ አጠገባችሁ ያለው ይጻፍላችሁ። ሲያልቅ ቃለ ጉባኤው ይነበብ በሉ፤ ሳይነበብ ምርቃት የለም። እኔ ከእንግዲህ ያልተነበበ ቃለ ጉባኤ ላይ አልመርቅም፤ ብትጠሩኝም አልነሣም።

የገጠር መሬቱ አዋጅ በ2016 እንደተለወጠ ታውቁ ኖሯል? የ1997ቱን 456 የተካው ቁጥር 1324/2016 ይባላል። ገበሬ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም መበደር እንዲችል የሚፈቅድ አንቀጽ አለበት። ለአንዱ መዳኛ፣ ለሌላው መጥፊያ ሊሆን ይችላል፤ ገና እኔም አልጨረስኩትም። ነገ ከነገ ወዲያ ስለ መሬት ውይይት ተብለን ስንጠራ ይህን ሳናውቅ ልንቀመጥ ነው? የልጅ ልጄ 9ኛ ክፍል ናት፤ ስልኳ ላይ አውርዳዋለች፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይከፈታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበቴው ቤት ይዣት እመጣለሁ። ከአንቀጽ 1 ትጀምራለች። ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ያልገባችሁ ቃል ሲመጣ አስቁሟት፣ ደግማ ታነባለች፤ በአንድ ሰንበት ካላለቀ በሚቀጥለው ካቆምንበት እንቀጥላለን።